ቆጥ ላይ የተሰቀለው ወንበር

ሥራ የጀመርኩ ቀን እንጅባራ ቢሮ የተሰጠኝ አንድ መለኪያ ሜትር፣ አንድ ቦርሳና የቅጽ ክምር ነበር። አስተባባሪያችን፣ ቅጹ ላይ ባዶ ቦታ እንዳላስቀር አጥብቀው አስጠነቀቁኝ። ስለ ልጆቹ አንድም ነገር አላሉም።

ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ አካል ጉዳት ያለባቸውን ሕፃናት መፈለግና ቤተሰቡ እንዴት እንደሚያጎርሳቸው፣ እንዴት እንደሚያቅፋቸው ማሳየት ነው። ግማሹ ቀን በመፈለግ ያልቃል፤ እንግዳ ሲመጣ ልጁ ጓዳ ይገባላ።

ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያገኘኋት ጥሩወርቅ ሦስት ዓመቷ ነበር። አንገቷም ወገቧም አልጸናም። ተኝታ ስለምትጎርስ በየጉርሻው ትን ይላታል። ቀጥ ብላ ካልተቀመጠች ምግቡ ሳንባዋ እየገባ እንደሚገድላት ለእናቷ ለዓለምነሽ ነገርኳት። ልጅቱን ለካሁ፤ እንጅባራ ያለ የቀርከሃ ባለሙያ መደገፊያና ማሰሪያ ያለው ወንበር ሠራላት። መንገዱ እስካለ በባጃጅ፣ ከዚያ በትከሻዬ አደረስኩት። ቅጹ ላይ «ተሰጥቷል» ብዬ ሞላሁ፤ አስተባባሪው ደስ አላቸው።

በወሩ ስመለስ ልጅቱ ያው ቁርበቷ ላይ ተኝታለች። በዚያ ወር ሁለት ጊዜ በሳል ጤና ጣቢያ ገብታ ወጥታለች። ወንበሩ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ተሰቅሏል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ደሜ ፈላና ዓለምነሽን ያልተናገርኳት ነገር የለም። እሷ አንገቷን ደፋች፤ የመለሱልኝ የልጅቱ አያት አያ ፈንታ ናቸው።

«ሲስተር፣ እንዲህ ያለ ዕቃ በከንቱ ይቆሽሽ? ስትድን ትቀመጥበታለች።»

በእሳቸው መናደድ አልቻልኩም፤ የተናደድኩት በራሴ ነው። ያንን ሁሉ መንገድ ወንበር ተሸክሜ ስሄድ ዋናውን ነገር አልነገርኳቸውም። ቅጹ አይጠይቅማ!

«አያ ፈንታ፣ ጥሩወርቅ የምትድን አይደለችም» አልኳቸው። «እንዲሁ እንዳለች፣ እዚህ ላይ ተቀምጣ ነው የምታድግ።»

 አያ ፈንታ ራሳቸው ቆጥ ላይ ወጥተው ወንበሩን አወረዱት። ዓለምነሽ ልጇን አስቀምጣ አሰረቻትና ገንፎ አጎረሰቻት። አንድም ጊዜ ትን ሳይላት ጨረሰች። እናቷ አለቀሰች፤ እኔም አልቅሻለሁ።

ቢሮ ተመልሼ ቅጹ ላይ «ተቀምጣበታለች ወይ?» የሚል ጥያቄ ይጨመር ብል፣ አስተባባሪው «ተሰጥቷል ከተባለ ምን ቀረ?» አሉኝ። ቅጹ እስከ ዛሬ ያው ነው።

ጥሩወርቅ ስድስት ዓመት ሞላት። አልዳነችም። ወንበሩ ጠቧት ሌላ አሠርተውላታል፤ ያሠሩት አያ ፈንታ ናቸው።

ዕቃ ማድረስ ሥራ አይደለም። ይህን ሥራ የምትጀምሩ ሁሉ፣ ልጁ ተቀምጦ ሲጎርስ ሳታዩ ከቤቱ አትውጡ።