በሩምዱል ስም የተሠራው መጸዳጃ

ሩምዱል በሕፃንነቷ በያዛት ትኩሳት እግሮቿ ሰልለው ስለቀሩ የምትሄደው በእጆቿ ነው። በመዳፎቿ ነጠላ ጫማ ታጠልቅና ከወገቧ በታች ያለውን ገላዋን መሬት ለመሬት ትጎትታለች። አርባ ዓመት አልፏታል። የምትኖረው በረጃጅም የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ከቆመው የወንድሟ ቤት ሥር ነው። ወደ ላይ የሚያወጣው መሰላል ብቻ ነው፤ እሱንም መሞከር ከተወች ቆይታለች።

የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ጋን ከእሷ ቁመት ይበልጣል። ሲጠማት ሰው እስኪመጣ ትጠብቃለች። ቢሰጧትም ብዙ አትጠጣም። የጠጣ ይሸናል፤ ለሷ ደግሞ መሽናት ማለት ጎህ ሳይቀድ ጭቃውን አቋርጦ ቀርከሃው ጀርባ መድረስ ነው። በዚያ መንገድ እባብም፣ ውሻም፣ ሰካራምም አጋጥሟታል። ከሁሉም የከፋው ሰካራሙ ነበር።

የወንድሟ ሚስት ፋላ «ባንግ» ትላታለች፣ ታላቅ እህቴ እንደማለት። ስትሰድባት እንኳ አክብሮቱን አታጓድልም።

«ባንግ፣ ዛሬም ሸተትሽኝ። እንግዳ ሲመጣ እስቲ ነፋሱ ወደማይነፍስበት ዞር በይ።»

አንድ ዓመት መጸዳጃ የሚሠሩ ሰዎች ወደ መንደሩ መጡ። አካል ጉዳተኛ ያለበት ቤት ይቅደም ተባለና ለነሩምዱል ተሠራላቸው፤ መግቢያው ደረጃ የሌለው ተዳፋት፣ መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ላይ መደገፊያ ብረት ያለው። ሩምዱልን ተዳፋቱ ላይ አስቀምጠው ፎቶ አነሷት። በሄዱ ማግስት ፋላ በሩን ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።

«የተጎተትሽበትን ጭቃ ሁሉ ልታስገቢበት ነው? ነጭ ሸክላ እኮ ነው ባንግ! አንቺ ቀርከሃውን ለምደሽዋል።»

ወንድሟ ሳሪን እንዳልሰማ ሆኖ ሩዙን ጎረሰ።

ከመከር በኋላ ሰዎቹ ከመንደሩ ሹም ጋር ለጉብኝት ተመለሱ። አንዲት ወጣት ከሩምዱል ፊት ቁጢጥ አለች።

«አክስቴ፣ ተመቸዎት?»

«ኧረ ደስታዋን ብታዪ!» ፋላ ቀደመች። «እዚያው ካላደርኩ ነው የምትለው!»

«ውስጡን አይቼው አላውቅም» አለች ሩምዱል። «ቁልፉ እሷ አንገት ላይ ነው።»

ሹሙ ሳቀ፤ የሳቀው ግን እሱ ብቻ ነበር። ፋላ ሰው ሁሉ እያያት ቁልፉን አውልቃ ለሩምዱል አስረከበች።

እንግዶቹ እንደሄዱ ሳሪን መዶሻ አነሳ።

«ሰው ፊት አዋረድሽን አይደል? ቁልፉ ከሆነ ያስከፋሽ፣ እንቺ!»

በሩን ከነማጠፊያው ነቅሎ ለአሳማዎቹ ጉረኖ መዝጊያ አደረገው። መጸዳጃው አፉን ወደ መንገዱ ከፍቶ ቀረ። ባልና ሚስቱ ለመጸዳዳት ጎረቤት ይሄዱ ጀመር።

ሩምዱል ግን ገባችበት። በሩ በነበረበት ላይ ሻሿን ብትሰቅል ጎረምሶች ወሰዱባት። ያለ ሻሽ ገባች። መንገደኛ ቆሞ ሲስቅባት ዓይን ዓይኑን እያየች ትቀመጣለች፤ የምታለቅሰው ቤቱ ሥር ተመልሳ ነው።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ፋላ ሆዷን ይዛ እየተጣጠፈች መጣች። ጎረቤት መድረስ አልቻለችም፤ መንገዱ ደግሞ ከቡድሃ ገዳም በሚመለስ ሰው ተሞልቷል።

«ባንግ፣ እባክሽ በሩ ላይ ጨርቅ ያዢልኝ!»

«መጀመሪያ ውሃ ቅጂልኝ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ቀዳችላት። ሩምዱል ጉሮሮዋን እያረጠበች ቀስ ብላ ጠጣችና ኩባያውን መለሰች።

«ድገሚኝ።»

«ባንግ፣ ስለ እናትሽ!»

«ድገሚኝ።»

ፋላ ከጋኑ ጎን ኩባያውን እንደያዘች ሽርጧ ራሰ፤ በእግሮቿም ወረደ። መንገዱ ላይ ሰዎች ቆሙ፤ አንዱ በጣቱ አሳየ። ፋላ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። ሩምዱል ደስ ይለኛል ብላ ነበር የጠበቀችው። ደስ አላላትም። አዘንኩ ብላም አልዋሸችም።

በማግስቱ ሳሪን በሩን መልሶ ገጠመው። ፋላ ከዚያ ወዲህ «ባንግ» ብላ ጠርታት አታውቅም፤ ውሃም የምትቀዳላት ሳሪን ሲቆጣት ብቻ ነው። መቀርቀሪያውን ሳሪን በራሱ ትከሻ ልክ ስለመታው ሩምዱል አትደርስበትም። በሩ እንዳይከፈትባት በአንድ እጇ መደገፊያ ብረቱን፣ በሌላው በሩ ላይ ያሰረችውን ገመድ ጨብጣ ትቀመጣለች።