የጾመኛ ፍሪዘር

ከአምቦ በወጣሁበት ሌሊት እቤታችን እንቅልፍ ያየ ሰው አልነበረም። ሚኒባሱ ጎህ ሳይቀድ ይመጣል ስለተባለ ጎረቤቱ ሁሉ ሳሎናችን ውስጥ ተኮልኩሎ አደረ። አክስቴ ጎጆ ከምትባለው የደጋ ከተማ ገብስ ይዛ መጥታ ከእማዬ ጋር ጩኮ ይሠሩልኛል፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ ተለውሶ፣ ለመንገደኛ ከሱ የሚሻል ስንቅ የለም። እኔ ደስታው ቁጭ አላስብል ብሎኝ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ጀርመን አገር አረጋውያንን የመንከባከብ ሙያ ልማር ነው፤ እየተማሩ ደሞዝ ይከፈላል። ግጥም ከመጻፍ በቀር ይህ ነው የሚባል ሥራ ያልነበረኝ ልጅ ቪዛ ያገኘሁበት ፓስፖርት ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ሲሳም አደረ።

ሚኒባሱ ክላክስ ሲያደርግ እማዬ አንገቴን ያዘችና፣ «ኢልማ ኮ» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው፤ ቁም ነገር ሲመጣ ወደ ኦሮምኛ ትሻገራለች። «ጾሙን ከቻልክ ጹም፣ ካልቻልክ እግዜር ያውቃል። ብቻህን ግን እንዳትገድፍ።»

«ሰው ከየት አመጣለሁ?»

«ሰው የሌለበት አገር የለም።»

ይህ የቤታችን ሕግ ነው። ለፋሲካ ከቤተሰቡ ውጭ የሆነ አንድ ሰው በሩን አልፎ ሳይገባ ማንም አይቀምስም። ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ጎረቤታችን ኦቦ ዱጉማ ናቸው። ጴንጤ ስለሆኑ የኛን ጾም አይጾሙም። አባቴ፣ «ሳይጾሙ የሚገድፉ እርስዎን ብቻ አየሁ» ሲላቸው፣ «እናንተ መጾማችሁን ማን ይመስክርላችሁ ታዲያ?» ይሉና ወንበራቸውን ወደ ገበታው ይስባሉ።

ጩኮው ጀርመንን አየ፣ ግን አልገባም። ፍራንክፈርት ኤርፖርት ጓንት ያጠለቀች ፈታሽ ሻንጣዬን አስከፈተችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምግብ። ከገብስ የተሠራ።»

ጠጋ ብላ አሸተተች። «ገብስ እንዲህ አይሸትም።»

«ትንሽ ቅቤ አለው።»

«የወተት ውጤት አይገባም።»

«እዚሁ ልብላዋ።»

«ሁሉንም?»

«ካገዝሽኝ።»

ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም ነበር። ግን ጩኮዬን ከነመያዣው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጨመረችው። የአክስቴ ገብስ ያንን ሁሉ አየር አቋርጦ መጥቶ እዚያ ቀረ። ምግብ እንደዋዛ ሲጣል ሳይ የመጀመሪያዬ ነበርና ቆሜ ቀረሁ፤ ከኋላዬ ያለው ሰው በሻንጣው ገፋኝ።

የተመደብኩት ካሰል የምትባል ከተማ ነው። ክረምቷን ለማወቅ የፈለገ በሐምሌ ጎጆ ሄዶ ከደጅ ይደር። የምሠራበት የአረጋውያን ቤት ውስጡ ደግሞ ቆላው ባኮ ነው፤ ማሞቂያው በቆሎ ያበቅላል። የምኖረው ሄር ብራንት ከሚባሉ ጡረታ የወጡ የትራም ሾፌር ጋር ነው። ሄር ማለት እንደኛ ኦቦ ነው። አንድ ክፍል አከራዩኝና ማድ ቤቱን እንጋራለን። ቁልፍ ከመስጠታቸው በፊት ስለ ቆሻሻ አስተማሩኝ፤ የወረቀት ለብቻ፣ የፕላስቲክ ለብቻ፣ የምግብ ለብቻ። «የምግቡ ማጠራቀሚያ ለምን ይሄን ያህል ትልቅ ሆነ?» ብላቸው፣ «ስለሚሞላ ነዋ» አሉኝ።

ከዚያ አብራኝ የምትማር አንዲት ልጅ አንድ የስልክ አፕ አሳየችኝ። ወገኖቼ፣ ስደት ላይ ካላችሁ ይህን ሳታውቁ እንዳትውሉ! ዳቦ ቤቱ፣ ካፌው፣ ሱቁ፣ ሊዘጋ ሲል የተረፈውን ከረጢት ውስጥ ያደርግና በስልክ ያስታውቃል። በሲሶ ዋጋ ትገዛለህ፣ በተባለው ሰዓት ሄደህ ስልክህን ታሳያለህ፣ ትረከባለህ። በውስጡ ምን እንዳለ ግን አታውቅም። እኛ ጋ የተረፈ ምግብ ስልክ አያስፈልገውም፣ ጎረቤት ይበቃዋል። እዚህ ግን ዳቦና ተመጋቢን የሚያስታርቅ ሽማግሌ አፑ ነው።

የመጀመሪያውን ከረጢት ትራም ላይ ስከፍት ብቻዬን ሳቅሁ። ዘሩን የማላውቀው የዳቦ ዓይነት፣ ፍሬ የተነሰነሰበት፣ የተጠማዘዘ፣ ጥቁር፣ ቡኒ። ከዚያ ወዲያ ማን ይችለኝ። ስልኬ ጢን ባለ ቁጥር ጃኬቴን እያጠለቅሁ ደረጃውን እወርዳለሁ። አንዱ ሱቅ የጎመን ከረጢት ሰጠኝና ሳምንቱን ሙሉ ጎመን ሆንኩ። ግጥም እንኳ በረሃብ ሳይሆን በጥጋብ ይመጣልኝ ጀመር።

እንዲህ በፍቅር እንዳለን ሁዳዴ ገባ።

ከረጢት ጾም አያውቅም። ዳቦው መሃል ቅቤ የተቀባ ክሮሳን አለ፣ አይብ አለ፣ የዶሮ ሳንድዊች አለ። ዳቦዬን አወጣለሁ፤ የቀረውን ልጥለው? የኤርፖርቷ ሴትዮ ልሁን? ፍሪዘር አለ፣ ፋሲካም አለ ብዬ አስቀመጥሁ። በማግስቱም አስቀመጥሁ። እንዲያ እንዲያ ሲል የሰሙነ ሕማማት ሐሙስ ላይ ሄር ብራንት ፍሪዘሩን ሲከፍቱ አንድ ክሮሳን እግራቸው ላይ ወደቀ። እንደ ድንጋይ ጮኸ።

«ይህ ሁሉ ያንተ ነው?»

«አዎ።»

«ለምን አትበላውም?»

«ጾም ላይ ነኝ።»

ፍሪዘሩን አዩ፣ እኔን አዩ። «ጾም አለመብላት መስሎኝ። ታዲያ ለምን ትገዛለህ?»

«ዳቦውን እበላለሁ። ይህ ለፋሲካ ነው።»

«ፋሲካ አለፈ እኮ።»

«የእናንተ አለፈ፣ የእኛ እሁድ ነው።»

«ክርስቶስ ሁለት ጊዜ ነው የሚነሳው?»

«እርስዎ ጋ ቸኩሎ ነው።»

አልሳቁም። «እሁድ ጠዋት በረዶውን አቅልጬ ፍሪዘሩን አጥባለሁ። ያኔ የማገኘው ሁሉ ወደ ምግብ ቆሻሻ ይሄዳል» ብለው ከኔ ምግብ ሥር የተቀበረ አተራቸውን ፍለጋ እጃቸውን እስከ ክንድ ሰደዱ።

አሁን ቸገረኝ። ምግብ ሞልቶኛል፣ ሰው የለኝም። ቤተ ክርስቲያናችን ሌላ ከተማ ነው፤ እኔ ቅዳሜ የሌሊት ተረኛ ነኝ። አብረውኝ የሚማሩትን እሁድ ኑ ብዬ ጠየቅሁ። እዚህ አገር ቡና ለመጠጣትም ተርሚን ይባላል፣ ቀጠሮ ማለት ነው። አንዷ ስልኳን አውጥታ፣ «ከሦስት ሳምንት በኋላ ረቡዕ ይመችሃል?» አለችኝ። ትንሣኤ ለረቡዕ አይዛወርም ብላት ከልቧ አዘነችልኝ።

እሁድ ጠዋት ከሥራ ስገባ ሆዴ ከጀርባዬ ተጣብቋል። ፍሪዘሩን ገልብጬ ኦቨኑን ሞላሁት። ቅቤው መቅለጥ ሲጀምር ሽታው ቤቱን አወደው። አንዷን ብቀምስ ማን ያየኛል? ክሮሳኗን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኋት። ይሄኔ ሄር ብራንት ጓንት አጥልቀው ባልዲ ይዘው ገቡ።

«ይቀመጡ፣ ይብሉ» አልኋቸው።

«በልቻለሁ።»

አምቦ ውስጥ በልቻለሁ ያለ ሰው ወንበር እየጠበቀ ነው። ወንበር ሳብኩላቸው። «ትንሽ ይቅመሱ።»

«በልቻለሁ አልኩህ።»

«በሞቴ» አልኋቸው፤ ቃል በቃል ወደ ጀርመንኛ መልሼ።

ባልዲውን አስቀመጡ። «ታመሃል?»

«አልታመምኩም፣ ርቦኛል። እርስዎ ካልቀመሱ ግን አልበላም።»

«ይሄ ማስፈራራት ነው።»

«አዎ።»

ጓንታቸውን አንድ በአንድ አወለቁና ተቀመጡ። ክሮሳን አንስተው ገመጡ፤ ፍርፋሪው ደረታቸው ላይ ተበተነ። እኔም ጎረስኩ። የዶሮ ሳንድዊቹን ለሁለት ሲከፍሉት ትልቁን ግማሽ ወደኔ ገፉት። አይቡ ጋ ስንደርስ፣ «የአተሬን ቦታ ስለመለስክ ነው» አሉ፣ አፋቸው ሙሉ።

እማዬ በቪዲዮ ደወለች። ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ከኋላዋ አባቴና እህቶቼ ይታያሉ።

«ከማን ጋር ገደፍክ?»

ስልኩን አዞርኩላት። ሄር ብራንት የተገመጠውን አይብ ከፍ አድርገው አሳዩ።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ?» አለቻቸው ደህንነታቸውን ስትጠይቅ። ከዚያ ለኔ፣ «ይሄ ሰውዬ ጾሟል?»

«አልጾሙም።»

«ይሁን። ሰሃኑ ባዶ ነው፣ ጨምርለት።»

«እናንተስ ዶሮው እንዴት ነበር?»

እህቴ ከኋላ ሆና፣ «የምን ዶሮ? እማዬ አንተ ከማን ጋር እንደሆንክ ሳታውቅ ገበታውን አታስከፍትም። ኦቦ ዱጉማ ተቀምጠው አንቀላፉ፣ እኛ በረሃብ ልንሞት ነው» አለች።

እዚያ ፀሐይዋ መስኮቱን አልፋ ግድግዳው ላይ ወጥታለች።

«ኛዳ» አለች እማዬ፣ ወደ ቤቱ ዞራ። ብሉ ማለቷ ነው። የሰሃን ድምፅ ተነሳ፣ ሁሉም አንድ ላይ ማውራት ጀመረ። እጇን ወደ ገበታው ዘረጋች፤ ቆርሳ አጥቅሳ ወደ አፏ ስታነሳ ምስሉ ቀጥ አለ።

«ምን ሆነች?» አሉ ሄር ብራንት።

«ኔትወርክ ነው» አልኋቸው። ስትጎርስ አላየሁም።