ያልተፈታው ጓዝ

የመክሊት አባት ከደብረ ማርቆስ ወደ ዋግ፣ ሰቆጣ የተመደበ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በየወሩ የዝውውር ማመልከቻ ይጽፋል። እናቷማ የባሰች ናት። የዋግን ማር አልቀምስም ብላ ምላለች፤ የልብስ ሳጥኗንም «ነገ ለምሄደው ምን አስፈታኝ!» ብላ ሦስት ዓመት ከጓሮው ዛኒጋባ ሥር እንደታሰረ ትታዋለች።

መክሊት ግን ከወፍና ከንብ ኋላ ስትንከራተት ትውላለች። ስትመለስ እናቷ «አውሬ ወልጄ!» እያለች በመጥረጊያ ትቀበላታለች።

ዝውውሩ በመጣ ዕለት እናት ሳጥኑን ከፈተችው፤ ንቡ ግር ብሎ ፊቷ ላይ ሰፈረ። በሳጥኑ ስንጥቅ የገባው መንጋ የሠርግ ቀሚሷ ላይ የማር እንጀራ ሠርቶበታል። መክሊት ታውቅ ነበር፤ እንዳያቃጥሏቸው ፈርታ ነው ዝም ያለችው።

አባቷ ላምባ ይዞ ሲሮጥ ፊት ለፊቱ ተገተረች፦ «እናንተ ጓዛችሁን እንኳ ባልፈታችሁበት አገር እነሱ ማር ሠርተዋል! እናንተው ሂዱ!»