ዘጠኝ ሰዓት የማይሆንበት ኮምፒውተር

«ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ወንበሩን ትለቂላታለሽ» አለኝ አባቴ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

ልጁ እኔ ነኝ። ሌላ ልጅ የለውም፤ እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረስኩ ቆይቻለሁ። ነገሩን ግን እንዲያ በትህትና፣ ለደንበኛ እንደሚነገር አድርጎ ስለነገረኝ «እሺ አባ ሂክመት፣ እለቅላታለሁ» አልኩት። ሂክመት እኔ ነኝ። ጅማ ላይ አባትን በልጁ ስም መጥራት የቆየ ወግ ነው፤ የገዛ አባቷን በገዛ ስሟ ስትጠራ የምትውል ሴት ግን ከእኔ ሌላ ያለች አይመስለኝም።

እሱ ወደ ላፕቶፑ ዞረ። ላፕቶፑ የእኔ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ግን የእኔ አይደለም። ሌላ ሰው ዜና በሚያነብበት ብሮውዘር ውስጥ የድሮው የሱቃችን ኮምፒውተር እንዳለ ተከፍቷል፤ ያው ሰማያዊ ሰማይ፣ ያው ለምለም ኮረብታ፣ ሲነሳ የሚያሰማው ያው ዜማ። የሚጥለኝ ዜማው ነው። ሌላውን ሁሉ እችለዋለሁ፤ እሱ ሲመጣ ግን ቤታችን መንደራ ቆጪ ሰፈር መሆኑ ይቀርና የጅማው መርካቶ እገኛለሁ፣ ከቡና መፈልፈያው ጎን፣ እግሬ ባዶ፣ ቦርሳዬ ጀርባዬ ላይ።

የአባቴ ኮምፒውተር ቤት አንድ ክፍል ነበረች። በአንድ ወገኗ መፈልፈያው፣ በሌላው ጨርቅ ሻጭ ነበሩ፤ የመፈልፈያው ሞተር ሲነሳ ግድግዳው ይንቀጠቀጥና የቡና ገለባ ብናኝ በበሩ ሥር እየሾለከ በሁሉ ነገር ላይ ያርፋል፣ አባቴም ትቢያ በትቢያ ላይ እንዳይጨመር ብሎ ማንንም ሰው በጫማ አያስገባም ነበር። የሊሙ ነጋዴ ይሁን ከወሎ የመጣ የኮሌጅ ተማሪ፣ ሁሉም በር ላይ ያወልቃል። አንድ ዓርብ ከደጃፉ የተደረደረውን ጫማ አይተው መስጊድ የመሰላቸው አንድ የገጠር ሽማግሌ ሰተት ብለው ገቡ፤ አባቴ ሊያሳፍራቸው አልፈለገም፣ ቂብላውን፣ የሚሰገድበትን አቅጣጫ፣ አሳያቸውና በፕሪንተሩና በስታብላይዘሩ መሀል ሰግደው፣ ቤቱን መርቀው ወጡ። ተማሪዎቹ በባዶ እግራቸው ቆመው ጠበቋቸው።

ለሞኒተሩ እናቴ በኪሮሽ የሠራችው ነጭ ዳንቴል ነበረው፤ ማታ ማታ እንደ ሕፃን ይሸፈናል። አባቴ ሲፒዩውን ፈታትቶ በብስክሌት መንፊያ ሲነፋው የሚወጣው ሽታ፣ የጋለ ብረትና የቡና ገለባ አንድ ላይ፣ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ያ ስክሪኑ ላይ ያለው ኮረብታ ደግሞ ስንት ጭቅጭቅ አስነስቷል! አንድ የአጋሮ ነጋዴ የአጎቴ መሬት ነው ብሎ ይምላል፣ ሌላው ጌራ ነው፣ እኔ በዚያ አልፌያለሁ ይላል፤ ደንበኛ ማስቀየም የማይሆንለት አባቴ ለሁለቱም «ኤዬ፣ ይመስላል» ይላቸዋል። ጽሑፉን የሚመታው እሱ ይሁን እንጂ ፊደል የምታርመው እናቴ ነበረች። ከኋላው ቆማ፣ የሻይ ፔርሙዙን እንደያዘች፣ በጣቷ ስክሪኑን ሳትነካ ታመለክታለች፤ እሱ ያጉረመርማል፣ ያርማል። እኔ ከትምህርት ቤት ስደርስ ማንም ይሁን ማን ከወንበሩ ይነሳል። «ወረፋ የያዘች ደንበኛ መጣች» ይላል አባቴ፤ እኔም የመመረቂያ ጽሑፉ በእንጥልጥል የቀረበት ተማሪ እያየኝ በማውስ ቤት እስላለሁ፣ ጣሪያውን ቀይ አድርጌ፣ በሩን ከቤቱ አስበልጬ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ ያስፈልጋችኋል። አባቴ የኮምፒውተሩን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነበር የሚሞላው። ቀኑን በውድቅት ሌሊት የሚጀምር ሰው ጤነኛ አይደለም ባይ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩም ሦስት ይላል።

በአንድ እንዲህ ባለ ጠዋት እናቴ ለለቅሶ ወደ ሰኮሩ ሄደች። ሂክመት ከትምህርት ቤት ሳትመጣ እደርሳለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠብቀኝ ብላው ነበር። ሚኒባሱ ሲመለስ መታጠፊያ ላይ ተገለበጠ። ወሬውን ይዘው የመጡት የመፈልፈያው ዘበኛ ናቸው፤ እኚያ ሰው እንዲያ ባለ ሰዓት እንኳን ደንቡን አልረሱም፣ በር ላይ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ሲፈቱ እኔ ከኋላቸው ደርሼ ቆሜያለሁ። አባቴ የሚያስጽፉት ነገር ያላቸው መስሎት «ይግቡ፣ ወረፋ የለም» አላቸው።

ኮምፒውተሩ በዚያው ጠፋ። ማንም መልሶ አልከፈተውም። ሱቁን አስረከብን፣ ዕቃው በካርቶን ታሽጎ ቆጥ ላይ ወጣ፣ አባቴ የሰው ቤት ተቀጥሮ እየሠራ አሳደገኝ፣ ስለዚያ ቀንም አንድ ጊዜ እንኳን አላወራንም።

ካለፈው ክረምት ወዲህ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ የመስጊዱን መንገድ፣ ቀጥሎ እኔን። ጠዋት ይነሳና ሱቅ ልክፈት ብሎ መርካቶ ይወርዳል፤ ሱቃችን የነበረበት ቦታ ላይ አሁን መስታወት በመስታወት የሆነ ፎቅ አለ፣ እሱም የድሮውን ቁልፍ ይዞ መስታወቱን ሲቧጥጥ ጥበቃዎቹ ገፍትረውት ወድቆ ግንባሩ ተፈነከተ። እናቴ የት እንዳለች ሲጠይቅ አክስቴ ዘሃራ፣ እህቱ ናት፣ መዋሸት ሐራም ነው ብላ እቅጩን ነገረችው። እንደ አዲስ ሰማው። እንደ አዲስ ማለቴ ነገሩን አቅልዬው ነው፤ ያኔ ሲሰማ ጎልማሳ ነበር፣ ሲንበረከክ አብሮት የሚንበረከክ ሰው ነበረው፣ አሁን ግን መሬት ላይ ተንከባሎ ሲጮህ ጉልበት የሌለው ሽማግሌ ነው፤ ቀናት ሙሉ ውሃ እንኳን አልቀምስም አለ፣ ሐኪሙም ልቡ ሁለተኛ ይህን አይችልም አለን። ሲሻለው ደግሞ ረሳው፣ «የት ሄደች?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ቀን ለራሴ ወሰንኩ፦ ሁለተኛ አይሰማም። እኔ እያለሁ አይሰማም።

መላውን ያመጣው ናስር ነው፣ የአክስቴ ልጅ፣ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ካርቶኑን ከቆጥ አወረደ፣ ሃርድ ዲስኩን ነቀለ፣ ሳምንት ያህል ጠፋና ላፕቶፔ ላይ አንድ ድረ ገጽ ከፍቶ አሳየኝ። የሱቃችን ኮምፒውተር በውስጡ ተነሳ። እየሳቀ «ማሽን ውስጥ ያለ ማሽን ነው። የውስጡ ራሱን እውነተኛ ኮምፒውተር ነው ብሎ ያምናል፤ እኛ ውጭ ቆመን እንደምናየው አያውቅም፣ ብትዘጊበትም መሞቱን አያውቅም» አለኝ። እኔ አልሳቅኩም።

ደንቡንም አስረዳኝ። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ማሽኑ ከአንድ ቦታ ይነሳል፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከበራበት ከዚያ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ። የሚጻፍበትን ነገር አይዝም፤ ስትዘጊው ሁሉም ይጠፋል። አንዴ ከተከፈተ ኔትወርክ ቢቋረጥም ይሠራል፣ እንደገና ለመክፈት ግን የግድ ኔትወርክ ይፈልጋል።

አባቴ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ፊቱ ተመለሰ። ሌላ ቃል የለኝም። ጣቶቹ ፊደሎቹን አወቋቸው፣ እኔን ያላወቁትን ያህል። ያን ጠዋት ጀምሮት የነበረውን የሠርግ ጥሪ ወረቀት ከፍቶ መምታት ቀጠለ፤ የጀማልና የፎዚያ ሠርግ ነው፣ ሁለቱ ተጋብተው፣ ተጣልተው፣ ተፋትተው እሷ አሁን ከእኛ ሁለት በር አልፋ ነው የምትኖረው፣ አባቴ ግን በየቀኑ «ሠርጋቸው ደርሷል» እያለ ይጣደፋል። መርካቶ መውረዱ ቀረ። በላ፣ ጠጣ፣ ቀለደ። የእኔም ሥዕል እዚያው አለ፣ ባለ ቀይ ጣሪያው ቤት፤ ሁሉም አለ፣ አንድም የጎደለ ፋይል የለም። ሽታው ግን የለም። ከኋላው የምትቆመው ሴት የለችም፣ ጥሪው ላይ ያለውን የፊደል ስህተት የሚያርም የለም፤ እኔ ብነግረው «ባለቤቴ ታየዋለች» ነው የሚለኝ።

የእኔ ሥራ ሰዓቱን መጠበቅ ነው። የቀኑን ሰዓት ከስክሪኑ ጥግ ነው የሚያየው፣ ሌላ ሰዓት አያምንም። ስለዚህ ለዙህር፣ ለቀትሩ ስግደት፣ ሊታጠብ ሲነሳ ገጹን እንደገና እከፍተዋለሁ፤ ሰግዶ ሲመለስ ጠዋት ነው። የዐሱር፣ የከሰዓቱ ስግደት፣ አዛን ስክሪኑ ገና አምስት ሰዓት ሲል ይሰማል፣ አባቴም ሙአዚኑ ቸኮለ ብሎ ይስቃል፤ ሊሰግድ ሲነሳ ደግሜ እከፍተዋለሁ። መግሪብ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ዳንቴል የሌለውን ላፕቶፕ በፎጣ ሸፍኖ ይተኛል። ዘጠኝ ሰዓት አይደርስም። አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል፣ ሠርግ ላይ እንኳን ቆሜ የምበላ ሴት፣ ከዚያ ወንበር ጎን ታስሬ ዋልኩ፣ ሰነበትኩ።

ማሽኑ ይረሳል። አባቴ ግን የሚረሳ አይመስለኝም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ በሩ አያይም ነበር። በኋላ ለዙህር ሊነሳ ሲል ቀና ብሎ ማየት ጀመረ። ቀጥሎ ስክሪኑ አራት ሰዓት ሲል። ቀጥሎ ገና ሲቀመጥ። ሠርጉን እየመታ ጣቱ ፊደሉ ላይ ይቆምና «ዛሬ ልቤ አልወደደውም» ይላል፤ ምኑን ብዬ ብጠይቀው አያውቀውም። ስንት ጊዜ እንደዋለበት የማያውቀው ያ ጠዋት አንድ ቦታ ላይ የተጠራቀመ ይመስል ነበር። ለናስር ብነግረው አንቺ ነሽ የምታስፈሪው፣ ፊትሽ ነው አለኝ። ይሆናል።

ትናንት ረፋዱ ላይ ኔትወርክ ጠፋ። ገጹ ተከፍቷል፣ ማሽኑ ይሠራል፣ መልሼ ልከፍተው ግን አልችልም፤ ብዘጋው ባዶ ነጭ ነገር ነው የሚመጣው፣ አባቴም ቁልፉን ይዞ ወደዚያ መስታወት ይሄዳል። ለዙህር ሲነሳ ስልኬን ይዤ ወጣሁ፣ ከግቢ ግቢ፣ እስከ አስፋልቱ፤ የማንም አይሠራም፣ ናስርም አይነሳም። ሰዓቱን በእጄ ብመልሰውስ ብዬ ሮጬ ስመለስ አባቴ ሰግዶ ተቀምጧል። ስክሪኑ ስድስት ሰዓት አልፏል። እጄን ወደ ማውሱ ስሰድ መታ አደረገኝ፤ ደንበኛ ማውስ አይነካም።

እንዲህ ያለ ሰዓት አይቶ አያውቅም። ገርሞት «ዛሬ ቀኑ ሄደ» አለ፣ ደስ ያለውም መሰለኝ። የሠርጉን ጥሪ መታ፤ ሁልጊዜ የሚቆምበትን መስመር አለፈ፣ የአዳራሹን ቦታ፣ የወላጆቹን ስም፣ «ጥሪያችንን አክብረው» የሚለውን። ጨረሰው። ስንት ወር ሲጀምረው ያየሁትን ነገር ሲጨርሰው አየሁ። ከዚያ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሥራ የሌለው ሰው ሆነ፣ ዓይኖቹም ወደ ስክሪኑ ጥግ ሄዱ፣ ከዚያ አልተነሱም። ስምንት ሰዓት። የዐሱር አዛን ተሰማ፣ አልተነሳም። ስምንት ተኩል። ደጅ ላይ ባጃጅ በቆመ ቁጥር ትከሻው ይነሳል። እኔ ሻይ ላምጣልዎ አልኩት፣ ሌላ የሚጻፍ አለኝ አልኩት፣ አልሰማኝም። ከንፈሩ ዱዓ ያደርጋል።

ዘጠኝ ሊሆን ሲል ዞረ። ላቡ ግንባሩ ላይ፣ ያ ጠባሳው ላይ፣ ችፍ ብሏል።

«እህቴ፣ አንቺ ደህና ሰው ነሽ። መናኸሪያ ድረስ ትሄጂልኛለሽ? የሰኮሩ መኪና መግባት ነበረበት።»

«ምን ልበላቸው?»

«ማንንም ምንም እንዳትዪ። ባለቤቴን ብቻ ፈልጊያት፣ አረንጓዴ ሻሽ አድርጋለች። ካገኘሻት ቶሎ ነይ ይልሻል በያት።» በሩን አየ። «ካላገኘሻት ግን አትመለሺ። ለእኔ መጥተሽ አትንገሪኝ።»

ሻርፔን ተከናነብኩና ወጣሁ።