ውሃ ያዘለ ድምፅ

ምን እንደምማር ለሰው ማስረዳት ከትምህርቱ ይከብዳል። የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ሁለተኛ ዲግሪ እየሠራሁ ነው ስል አክስቴ «እና ዲዳ ታናግሪያለሽ?» ትላለች። ባሏ ቀበል አድርጎ «እሷን ዝም የሚያሰኝ ሕክምና ካለ ንገሪኝ» ይላል። ሁሉም ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከምንማረው ግማሹ ንግግር እንዳልሆነ ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ግማሹ መዋጥ ነው። ሰው የሚናገረውም የሚውጠውም በዚያው በአንድ ጉሮሮ ነው፤ ስትሮክ አንዱን ሲመታ ሌላውን አይምርም። ስለዚህ ቃል ከማስለመዳችን በፊት አራት ጣታችንን ማንቁርት ላይ አድርገን፣ አንድ ማንኪያ ውሃ ሰጥተን፣ «እስቲ አ ይበሉ» ብለን እናዳምጣለን። ድምፁ ጥርት ብሎ ከወጣ ውሃው በመንገዱ ሄዷል። አፉ ውስጥ ውሃ ይዞ እንደሚያወራ ሰው ከሆነ ግን ውሃው ወደ ሳንባ መንገድ እየገባ ነው። ይህንን ውሃ ያዘለ ድምፅ እንለዋለን።

እኔ አሁን ይህን ድምፅ የማልሰማበት ቦታ የለም። የኮተቤ ታክሲ ውስጥ አንዱ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ጠጥቶ ትን ሲለው ጆሮዬ ይቆማል። ሠርግ ቤት ሰው ጠላ ጎንጭቶ ወሬውን ሲቀጥል፣ ወሬውን ትቼ ድምፁን አዳምጣለሁ። ያ ድምፅ የሚመጣልኝ በአንዲት እናት ድምፅ ነው፤ እኚያ እናት ደግሞ አርፈዋል።

በሁለተኛው ዓመት፣ ለተግባር ልምምድ ቤት ለቤት ስንመደብ ነው የደረሱኝ። ቤታቸው ካራ ነው፤ ድሮ እርሻቸው የነበረው መሬት ላይ ሕንፃ በቅሎበት፣ ግቢያቸው ብቻ ከነአጥሩ መሐል ቀርቷል። ስትሮኩ ቀኝ ጎናቸውን ይዞታል። ንግግራቸው ጠፍቶ ነበር፤ በኦሮምኛም በአማርኛም። የምታስታምማቸው አንድ ልጃቸው ናት፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የምትሠራ፣ ከእኔ ትንሽ ከፍ የምትል። ደብተር ገዝታ የምናገረውን በሙሉ ትጽፋለች። እንደሷ የሚሰማኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። እማማ እንዴት ይቀመጡ፣ ማንኪያው ስንት ይሙላ፣ አንገታቸውን ወዴት ያዘንብሉ፣ ሁሉም እዚያ ደብተር ላይ ነው።

ውሃው እንደማይሆናቸው በመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ። አንድ ማንኪያ ሰጥቼ «አ ይበሉ» ስላቸው ያ ድምፅ ወጣ። ለአስተማሪዬ ለማሰማት በልጅቷ ፈቃድ በስልኬ ቀዳሁት። ከዚያ በኋላ ደንቡ ቀላል ነበር፤ ሁሉም ነገር እንደ አጥሚት ይወፍር፣ ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ቀስ ብሎ የሚወርድ ይሁን። ቀጭን ነገር ክልክል ነው። በሦስተኛው ሳምንት የመጀመሪያው ቃላቸው መጣ። ልጃቸውን «ኮቱ» አሏት፣ በኦሮምኛ ነይ ማለት ነው። ልጅቷ ደብተሯን ጥላ አቀፈቻቸውና አለቀሰች፤ እኔም አስተማሪዬ አታልቅሱ ብላን እያለ አለቀስኩ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ይህን ሥራ ሌላ ሰው ሊሠራው የሚችል አይመስለኝም ነበር። ተኩራርቼ ነበር ማለት ነው።

ልጅቷ ሁልጊዜ እስከ ታክሲው ትሸኘኛለች። አንድ ቀን መንገድ ዳር ቆመን ስንጠብቅ፣ ነገሩን ስታብሰለስለው እንደቆየች በሚያስታውቅ ሁኔታ ጠየቀችኝ።

«ውሃም፣ ሻይም፣ ወተትም ቀጭን ከሆነ አይሆንም ብለሻል።»

«አዎ።»

«ጸበልስ?»

መልሱን አውቀው ነበር። ፈተና ላይ ብጠየቅ እስክሪብቶ ሳላነሳ እጽፈው ነበር። ጉሮሮ ውሃውን ከየት እንደተቀዳ አይጠይቅም። ግን እዚያ መንገድ ዳር ቆሜ ለዚያች ልጅ «ጸበልም ያው ውሃ ነው» ማለት አቃተኝ። ታክሲው መጣ። «እሱን እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» አልኳትና ገባሁ።

ለምን አቃተኝ? ልጅ ሆኜ እንተባተብ ነበር። እናቴ ከየካ ሽቅብ በእግር ወደ እንጦጦ እየወሰደች ሰባት ቀን አስጠመቀችኝ፣ አስጠጣችኝ። ከዚያ በኋላ አፌ ተፈታ። እናቴ እስከ ዛሬ «አፍሽን የፈታው ጸበሉ ነው» ትላለች። ክፍል ውስጥ ደግሞ ብዙ ልጆች መንተባተቡን ራሳቸው እያደጉ እንደሚተዉት ተማርኩ። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። እኔ ራሴስ የትኛውን እንደማምን ብጠየቅ፣ የሚጠይቀኝን ሰው አይቼ ነው የምመልሰው። ጸበልን ውሃ ብዬ ብጠራው እናቴ ከኋላዬ ቆማ የምትሰማኝ ነው የመሰለኝ። ደግሞም ፈራሁ፤ ያቺ ልጅ እምነት የሌላት ብላ ደብተሯን እንዳትዘጋብኝ። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብዬ የጉብኝት ቅጹን ሞላሁ። «ስለ ፈሳሽ አወሳሰድ ቤተሰብ ተመክሯል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት።

በሚቀጥለው ሳምንት ስሄድ ቤቱ ዝግ ነው። ደወልኩ። ልጅቷ ደስ ብሏት አነሳችው። እንጦጦ ናቸው፤ ሱባዔ ይዘው እዚያው ጸበሉ አጠገብ ቤት ተከራይተዋል፣ አራተኛ ቀናቸው ነው። «እማዬ ደህና ናት፣ ‹አሜን› ማለት ጀምራለች፣ ቆይ ላሰማሽ» ብላ ስልኩን ወደ እናቷ አፍ አስጠጋችው። እማማ «አሜን» አሉ። ያ ድምፅ ነው። ቃሉን ሙሉውን ነው ያሉት፣ ግን በውሃ ውስጥ ያለፈ ነው። ቀጥሎ ሳል መጣ፣ ረጅም ሳል።

ሁለተኛ ዕድል ተሰጥቶኝ ነበር ማለት ነው። ያን ጊዜ ልጮህ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን «ሲጠጡ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው፣ እሺ?» አልኩ። ልጅቷ «እሺ እህቴ» አለች፤ ደብተሯ ላይ እንደጻፈችው አልጠራጠርም።

ሱባዔው ሳያልቅ ትኩሳት ያዛቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ ሳንባ ምች ነው ተባለ፤ በሦስተኛው ቀን አረፉ። ቀብር ሄድኩ፣ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ድንኳኑ ውስጥ ልጅቷ ከሴቶቹ መሐል ተነስታ መጥታ እጄን ያዘችው። «ጸበሉን ሳትጠጣ ብትሞት ኖሮ አልጽናናም ነበር» አለችኝ። «አንቺ ስላልከለከልሽን እግዜር ይስጥሽ። ሌላ ሐኪም ቢሆን ይከለክለን ነበር።»

ያኔ ልነግራት ነበር ወይ? አዎ፣ አፌ ድረስ ደርሶ ነበር። ግን ያላት መጽናኛ ያ ብቻ ነው። እሱን ከእጇ ቀምቼ የእኔን ሸክም ላሸክማት? እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለሷ አዝኜ ይሁን ለራሴ ፈርቼ፣ ዛሬም አልለየሁትም። ንፍሮ ሰጡኝ፣ ቆርጥሜ ወጣሁ።

አስተማሪዬ ቁጣዋ የማይጣል ሴት ናት፤ መሞታቸውን የነገርኳት ቀን ግን አልተቆጣችኝም። ቅጹን አገላብጣ አየች። «ቀጭን ፈሳሽ በሙሉ ክልክል መሆኑን ነግረሻቸዋል አይደል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «እንግዲያው የምትችይውን አድርገሻል። ሳንባ ምች በስትሮክ ሕመምተኛ ላይ የሚመጣ ነገር ነው፤ የሞተ ሁሉ ያንቺ አይደለም» አለችና ፋይሉን ዘጋችው። እውነቷን ነው። ምናልባት ጠብታ ሳይቀምሱም ይሞቱ ነበር። ይህ «ምናልባት» ነው ሰላም የነሳኝ። ገድያለሁ ብዬ እንዳልናዘዝ እርግጡን አላውቅም፤ አልገደልኩም ብዬ እንዳልተኛም አላውቅም።

በዓመቱ መጨረሻ ገደማ አስተማሪዬ ለአዲስ ገቢዎቹ ስታስተምር እንዳግዛት ጠራችኝ። ላፕቶፗን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘችና ተማሪዎቹን «አሁን የምትሰሙት ድምፅ ምን ዓይነት እንደሆነ ንገሩኝ» አለቻቸው። ከእኔ የወሰደችው ቅጂ ነው፤ ስም የለውም፣ ዕድሜ ብቻ ነው የተጻፈበት። ከፈተችው። «አ…» አሉ እማማ። ክፍሉን በሙሉ ሞሉት። ከጀርባ ልጃቸው «ጎበዝ እማዬ» ስትል ይሰማል። ተማሪዎቹ ባንድ ላይ «ውሃ ያዘለ!» ብለው መለሱ፤ ትክክል በመመለሳቸው ተሳሳቁ። አስተማሪዬ ላልገባቸው ብላ ደገመችው። ከዚያ ሦስተኛ ጊዜ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ እጄን አንገቴ ላይ አድርጌ ነበር፤ ያደረግኩት ለራሴም ሳይታወቀኝ ነው። ሦስት ጊዜ ዋጥኩ።

በማግስቱ እሑድ ወደ ጸበሉ ወጣሁ። እናቴ ልጅ ሆኜ የወሰደችኝ አይደለም፤ እማማ የሄዱበት ነው። በባሕር ዛፉ መሐል ያለው መንገድ ዝናብ ሸርሽሮት ያንሸራትታል፤ ቢጫ ጀሪካን የያዙ ሰዎች እየተደጋገፉ ይወርዳሉ። ለምን እንደሄድኩ በደንብ አላውቅም። የምከሰው ሰው ፈልጌ ሳይሆን አይቀርም። ኃይለኛ አጥማቂ አገኛለሁ፣ «በጸበል ላይ ሐኪም ማነው?» ይለኛል፣ እኔም አይ፣ ብናገርም የሚሰማኝ አልነበረም ብዬ እፎይ እላለሁ። እንዲህ ነበር ሐሳቤ።

አጥማቂው ቀጭን፣ እርጋታ ያላቸው አባት ናቸው። ተራዬን ጠብቄ መስቀል ተሳለምኩ።

«አባቴ፣ የስትሮክ ሕመምተኛ ብትመጣ፣ ሐኪም ደግሞ ውሃ ከጠጣች ወደ ሳንባዋ ይገባል ብሎ ቢከለክላት፣ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ምን እናደርጋለን ልጄ፣ እናጠምቃታለና» አሉኝ፣ ጥያቄው እንግዳ ሆኖባቸው። «መጠመቁም ካቃታት ግንባሯን እንቀባታለን፣ በመስቀል እንዳብሳታለን። የግድ ትጠጣ ያለሽ ማነው?»

ማንም አላለኝም።

«ስኳር ያለበት ይመጣል፣ ኩላሊት የሚታጠብ ይመጣል፣ ሁሉንም መድኃኒታችሁን አትተዉ እያልን ነው የምናጠምቀው። ብቻ ንገሩን። ካልነገራችሁን እኛ በምን እናውቃለን?»

 ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩኝ። ለቅሶዬን በሌላ ተረጎሙት መሰለኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እናትሽ ናት?»

«አይደሉም አባቴ። የማክማቸው ናቸው።»

«አይዞሽ። ስመ ክርስትናዋን ታውቂዋለሽ? በጸሎት ላስባት።»

አውቀዋለሁ። የሰማሁት ፍትሐታቸው ላይ ካህኑ ሲጠሩት ነበር። አርፈዋል ማለት ነበረብኝ፤ አንድ ቃል ናት። ስማቸውን ብቻ ነገርኳቸው። አባ ከቀሚሳቸው ኪስ ትንሽ ደብተር አውጥተው፣ የታመሙት ስም ከተጻፈበት ገጽ ግርጌ ላይ ጻፉት።

«በይ ነገ በጠዋት ይዘሻት ነይ» አሉኝ። «አደራ፣ እንደደረስሽ ለእኔ ንገሪኝ፤ ማንም እንዳያጠጣት እኔው ራሴ እቆማለሁ።»

«እሺ አባቴ» አልኳቸው። «ይዣቸው እመጣለሁ።»