የሰርጋችን ቪዲዮ ሲንተባተብ

ባለቤቴ ኮምፒውተር ራሴ ገጣጥሜ ካልሠራሁ ያለው በተጋባን በዓመቱ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ሳለን ነው። ቦርዱንና ፕሮሰሰሩን ከጎንደር አመጣ፤ ስክሪኑን አንድ ነጋዴ ወዳጁ ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳን ገላባት አሻገረለት። ሳሎናችን በብሎንና በሽቦ ስለተሞላ ራት የምንበላው ደጅ፣ አንገረብ በምንለው የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጠን ነበር። የተሠራ ብትገዛስ ስለው፣ «የተገዛ ሲበላሽ ማን ያውቅለታል? የራሴን ግን ሆዱን አውቀዋለሁ» ይለኛል።

ኮምፒውተሩ የበራ ዕለት እናትና አባቱን ጠራ። ሰሊጥ አራሾች ናቸው፤ የሰርጋችንን ቪዲዮ ገና አላዩትም። ነጭ በነጭ ለብሰው መጥተው ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ።

መጀመሪያ ደህና ሄደ። ሚዜዎቹ መጨፈር ሲጀምሩ ግን ምስሉ ይቆራረጥ ጀመር። እጃቸውን እንዳነሡ ደርቀው ይቀሩና ድንገት ሌላ ጥግ ይገኛሉ። ዘፈኑም ይንተባተባል።

«ምን ነካቸው ልጆቹን?» አሉ እናቱ።

«ሲዲው ተጭሮ ነው፣ እማዬ።»

አባቱ ራመድ ብለው የኮምፒውተሩን ሳጥን አዩት። «በጥፊ ብትለውስ? የትራክተሩ ራዲዮ እንዲያ ነው የሚሠራ።»

ባለቤቴ ሳቀ፤ እንግዶቹ ሲሄዱ ግን ሳጥኑን ቀስ አድርጎ ሲመታው አይቼዋለሁ።

በማግስቱ ቪዲዮውን ከሲዲው ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠው። ያው ነው። ምስሉን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ድራይቨሩን፣ እንደገና ጫነ፤ ማጫወቻውን ቀየረ። ሚዜዎቹ አሁንም ይደርቃሉ። በመጨረሻ ጥፋቱን በቆላው ሙቀት ላይ ጣለና ለእኔ የገዛልኝን ቬንትሌተር ወስዶ ለኮምፒውተሩ አዞረለት። እኔ በካርቶን ክዳን እየተራገብሁ ተቀመጥሁ።

እንዲያ ተቀምጬ ስመለከት አንድ ነገር ልብ አልሁ። ኮምፒውተሩ አርፎ ሲነሣ ምስሉ ደህና ነው፤ ትንሽ እንደሠራ ይበላሻል።

«እንግዲህ ውስጡ እየጋለ ይሆናላ» አልሁት። «የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ በደንብ አጥብቀኸዋል?»

«እሱንማ መጀመሪያ ነው የገጠምሁት» አለ ቅር ብሎት። ቢሆንም አጥፍቶ ፈታው። ማቀዝቀዣውን ከፕሮሰሰሩ ላይ ሲያነሣው ከሥሩ ስስ ላስቲክ ተለጥፎበታል። ሲገጠም መላጥ የነበረበት የፋብሪካ ሽፋን ነው፤ ሙቀቱን ያፈነው እሱ ኖሯል።



«ከረሜላውን ከነወረቀቱ ነዋ ያጎረስኸው» አልሁ። ሳቄን ልይዘው አልቻልሁም፤ እሱም ጥቂት አኩርፎ ቆየና ሳቀ። ላስቲኩን ልጦ ሲገጥመው ቪዲዮው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ቬንትሌተሬም ተመለሰልኝ።

እሑድ ወላጆቹ እንደገና መጡ። ሚዜዎቹ ጨፈሩ፣ ሽማግሌዎች መረቁ፣ እናቱ እንባቸውን ጠረጉ። ካሜራው ወደ ሙሽሮቹ ወንበር ሲዞር ግን የተቀመጥሁት ብቻዬን ነበር።

«አንተ፣ ሙሽራይቱን ጥለህ የት ሄድህ?» አሉ እናቱ።

የሰርጉ ዕለት ሚዜዎቹ ውሃ ሊጠጣ ሄዶ ነው ብለውኝ ነበር። ካሜራው ወደ ጥግ ሲሄድ፣ ባለቤቴ ከነሱፉ ድምፅ ማጉያው ሥር ተንበርክኮ ሽቦ በጥርሱ ይልጣል።

«ሙዚቀኞቹን ድምፁ አስቸግሯቸው ነበር እኮ» አለ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

«እሺ፣ ሠራኸው?» አሉ አባቱ።

«ኋላ የማጉያው ባለንብረት መጥቶ ሠራው።»