የፈታሁት ስፌት

ዲላ ውስጥ ሁለት ሴቶች ሲገናኙ መጀመሪያ የሚባባሉት «ወፍረሻል! ተመችቶሻል!» ነው። ምርቃት ነው። «ከስተሻል» ካሉሽ ግን ቤትሽ ሄደሽ መስታወት ፊት ትቆሚያለሽ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና ምርቃቱን በሴንቲ ሜትር ነው የማውቀው። ሃያ ዓመት ሙሉ የዚህን ከተማ ሴቶች ወገብ ለክቻለሁ፤ ማን እንዳረገዘች ከባሏ በፊት የማውቅ ሴት ነኝ እያልኩ እጎርር ነበር። ጉራዬ ገደል ይግባ!

ታናሽ እህቴ ወርቃ በሚባል የገጠር ከተማ፣ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ትሠራለች፤ ገበሬው የሚያመጣውን እሸት ቡና እየመዘነች ቆማ የምትውል ልጅ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ስትታጭ የሙሽራ ቀሚሷን ከእኔ ሌላ ማን ሊሰፋው? ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መጥታ ስትለብሰው ዚፑ አልዘጋ አለ።

«አንቺ! እጮኛሽ ምን እያበላሽ ነው?» አልኳት።

«በናትሽ እትዬ፣ ምግብ እንኳ አያሰኘኝም» አለች።

በአፏ ነግራኝ ነበር እኮ! እኔ ግን ሳቅኩባት። ልብስ ሰፊ በስፌቱ ውስጥ ሁልጊዜ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል፤ የጎኑን ስፌት ፈትቼ ከትርፉ ለቀቅኩላት። ሌላ ጊዜ መጣች፣ ደግሜ ፈታሁ። ሦስተኛም ፈታሁ። ጫማ ጠበበኝ ስትል «ቆመሽ እየዋልሽ ምን ትጠብቂያለሽ?» አልኳት። ጠዋት ፊቷ ሙልት ብሎ ስትወጣ ጎረቤቱ ሁሉ «እንዴት አምሮባታል!» ይላል። እኔም ኮራሁ። እንዲህ ያማረችው እኔ ስላሳደግኳት ነው ብዬ ኮራሁ።

በዚያው ሰሞን የዩኒቨርሲቲ መምህራንና የነጋዴ ሚስቶች ተሰባስበው፣ ለኩላሊት እጥበት ሐዋሳ ለሚመላለሱ ሕመምተኞች የምሳ ግብዣና የፋሽን ትርኢት አዘጋጁ። ልብሶቹን እኔ እንድሰፋ ጠየቁኝ። መዝጊያው የሙሽራ ልብስ ይሁን አሉ። ቀሚሱ አለ፣ ሙሽራዋም አለች፤ እህቴ ትልበሰው አልኩ። ስለ ኩላሊቱ አልተጨነቅኩም። እሱ የሌላ ሰው በሽታ ነበር።

እሑድ ምሳ ሰዓት የሆቴሉ አዳራሽ ጢም አለ። ከፍስሐ ገነት ከተማ የቡና ነጋዴዎች ሳይቀሩ መጥተዋል። ቆጮና ክትፎ ቀረበ። ልብስ እንዲያሳዩ የተመረጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሰፋሁላቸውን ለብሰው ወጡ፣ ገቡ፣ ተጨበጨበላቸው። ሙሽራዋ ከመውጣቷ በፊት አንድ ወጣት ሐኪም ትንሽ ይናገር ተባለ። ሰው ከሳህኑ ቀና አላለም። እኔ መርፌ በአፌ ይዤ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ።

«እናቶቼ፣ ጠዋት ፊታችሁ ሲያብጥ፣ ማታ ጫማ ሲጠባችሁ፣ ወፈርን ብላችሁ ዝም አትበሉ» አለ። «ከቁርጭምጭሚታችሁ ከፍ ብላችሁ በጣት ጫኑት። ጎድጉዶ ከቀረ ውፍረት አይደለም፤ ውሃ ነው። ኩላሊት ሲታመም ሰውነት ውሃ ይይዛል። ቶሎ ተመርመሩ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

ክው አልኩ። መርፌውን ከአፌ እንዴት እንዳወጣሁት አላውቅም። ዞር ስል እህቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ከጫማው ጋር እያታገለች ነው። ሄጄ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ። ዝምዝማቱን የማቃናላት መሰላት። በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ያዝኳት፣ ለቀቅኩ። የጣቴ ጉድጓድ ሊጥ ላይ እንደቀረ ሆኖ ቀረ። ሌላውን እግር ጫንኩ። እሱም ያው ነው።

«እትዬ ምን ሆንሽ? ኮረኮርሽኝ እኮ!» ብላ ሳቀች።

በዚህ መሃል ሙዚቃው ተነሳ፣ ሙሽራዋ ተጠራች፣ ብድግ ብላ ወጣች። እኔ እዚያው በጉልበቴ እንዳለሁ ቀረሁ። እልልታው አዳራሹን አናጋው። ከወርቃ የመጣች አንዲት ሴትዮ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ «እህትሽ እንዴት ወፍራለች! ሙሽራ እንዲህ ነው!» አለችኝ። ወይ ጉድ! ለኩላሊት ሕመምተኛ በተደገሰ ድግስ፣ የእህቴ እብጠት እልል ተባለለት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሷስ አልደበቀችም። የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ በመርፌና በክር።

ስትመለስ እጇን ይዤ፣ ከነሙሽራ ልብሷ ሐኪሙ ምሳ ወደሚበላበት ጠረጴዛ ጎተትኳት። ሳህኑን ገፋ አድርጎ እግሯን አየና ሳቁ ጠፋ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት።

«እኔ እንጃ» አለች።

እኔ ግን አውቅ ነበር። የልኬት ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ወገብ፣ ዳሌ፣ ስፌት የፈታሁበት ቀን፣ አንድም አልቀረ። ሐኪሙ ገጹን አንብቦ ቀና ብሎ አየኝ። «ይኼን ሁሉ ጽፈው ይዘው ነበር?» አለኝ። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐዋሳ ወሰድኳት። ኩላሊቷ ተጎድቷል፣ ግን አልሞተም አሉን። ጥቂት ወር ብትቆዩ ኖሮ ያ ምሳ ለእናንተም በተደገሰ ነበር አለችን ሐኪሟ፣ የግብዣውን ነገር ስንነግራት። መድኃኒት ተጀመረ፣ ጨው ቀረ፣ ሠርጉም ተላለፈ። ውሃው ቀስ በቀስ ሲወርድ፣ ያቺ ሙልት ያለች ቆንጆ ከሥሯ አጥንት ሆና ወጣች። ቀሚሱን መልሼ አጠበብኩት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ትርፉን ግን አልቆረጥኩትም። እብጠቱ ሊመለስ ይችላል ብለውናልና መቀሱን ማንሳት ፈራሁ።

የሠርጓ ዕለት ጎረቤቶች «ውይ ልጄን! ምን አከሳት? በዓይን በሏት!» እያሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሚዜዎቹ በር ላይ ደርሰው ይዘፍናሉ። እኔ ዝምዝማቱን የማቃና መስዬ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ።

«እትዬ፣ ዛሬም?» አለች በሹክሹክታ።

«ዝም በይ» አልኳትና በአውራ ጣቴ ጫንኩ። ጣቴን አነሳሁ። ቆዳዋ ወዲያው ተመለሰ።

እልልታውን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ ገና ከጉልበቴ ሳልነሳ።